እሴት የጎደለው ወተት

ስሙ እንዲነሳ ትሕትናው የማይፈቅድለት አንድ የሶዶ ጽሕፈት ቤት፣ ለዘርፉ ካለው የማይነጥፍ ቁርጠኝነት በመነሳት ታላቅ የወተት ውድድር አዘጋጀ። ሽልማቱ የወተት ማቀዝቀዣ ነው።

የሁምቦ ሴቶች ወተት ማኅበር ሊቀመንበር ዓመለወርቅ ይህን ስትሰማ እልልታዋን አቀለጠችው። የሁምቦ ሙቀት አይጣል ነው፤ ጠዋት የታለበው ወተት በጋሪ ሶዶ እስኪደርስ እኩሉ ይበላሻል። አሥራ ስምንት ሴቶች ያንን ማቀዝቀዣ እንደ ልጅ ስም አውጥተው ጠበቁት።

በውድድሩ ዕለት ተፎካካሪ ሆኖ ከጎኗ የቆመው ሳሚ ነበር፤ በከተማው አዲስ የተከፈተ አይስክሬም ፋብሪካ የሽያጭ ሠራተኛ፣ ክራቫቱን ያሰረ። ጽሕፈት ቤቱ መቼም አድልዎ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ዳኞቹ ከወተቱ አንድ አንድ ማንኪያ፣ ከአይስክሬሙ አምስት አምስት ስኒ ቀመሱ።

«ምን ጨመሩበት?» አሉ የዳኞቹ ሰብሳቢና የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ይስሐቅ፣ ወተቱን እያዩ።

«ኧረ ምንም! ልጆቼን!»

አቶ ይስሐቅ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሴት ጭማሪ፣ ዜሮ» ብለው ጻፉ።

«ምነው ጌታዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ላሚቱ የሰጠችዎትን እንዳለ ይዘው መጡ። ታዲያ የእርስዎ ድርሻ ምኑ ላይ ነው?»

ሳሚ ተራው ሲደርስ ከዕቃው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ እንደ ዳዊት አነበነበው። «ውሃ፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት፣ ማወፈሪያ፣ ማቅለሚያ፣ የቫኒላ ማጣፈጫ...»

ዳኞቹ በእያንዳንዱ ላይ ነጥብ ጨመሩ።

«ወተቱስ?» አለች ዓመለወርቅ፣ አላስችል ብሏት።

ሳሚ ዕቃውን አገላብጦ ከታች አገኘው። «ይኸው! ‹የወተት ርዝራዥ ሊኖርበት ይችላል› ይላል።»

«ሊኖርበት ይችላል!» አሉ አቶ ይስሐቅ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ራእይ ማለት ይሄ ነው!»

በዚህ መሐል ጠረጴዛው ላይ የተረሳ አንድ ስኒ ቀለጠና ግማሽ ሆኖ ተገኘ።

«እኩሉ የት ገባ?» አለ አንዱ ዳኛ።

«አየር ነበር፤ እየመታን እናስገባበታለን» አለ ሳሚ፣ ላብ እያጠመቀው።

አቶ ይስሐቅ ፊታቸውን አኮሳተሩ። «አየሩ ከውጭ ነው የሚገባው?»

«ኧረ እዚሁ፣ ከዳሞታ ተራራችን የሚነፍሰው ነው!»

«መቶ በመቶ የአካባቢ ግብዓት!» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ማቀዝቀዣውም ለፋብሪካው ተሰጠ። ሳሚ ደስ ቢለውም፣ ፋብሪካው ሦስት ስላለው አራተኛውን የት እንደሚያቆሙት ጨንቆት ነበር።

ዓመለወርቅ ባዶ እጇን ልትመለስ ነው። እነዚያን ሴቶች ምን ብላ ታያቸዋለች? ማይክሮፎኑን ከመድረክ መሪው እጅ ወሰደችው።

«አቶ ይስሐቅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አምና ጎረቤቴን ሰናይትን ‹ወተቱ ላይ ውሃ ጨመርሽ› ብላችሁ ከማኅበር ያባረራችኋት፣ ለካ እሴት ስትጨምር ኖሯል?»

አቶ ይስሐቅ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አስተካክለው አደረጉ።

«በጣም ገንቢ አስተያየት ነው፤ ይመዝገብ» አሉ።

ደግሞም ዝም ብሎ ተመዝግቦ አልቀረም። በሳምንቱ የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሁምቦ ደረሰ፤ ሰናይት የማኅበሩ የእሴት ጭማሪ አሠልጣኝ ሆና ተመድባለች።