ሲያዩት የሚጨምት እስክስታ

በእኛ አገር ጨዋ ልጅ ማለት የማይንቀሳቀስ ልጅ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጥግ ይዞ፣ እጁን አጣምሮ፣ ጉልበቱን ገጥሞ ከተቀመጠ «ተባረክ፣ የጨዋ ልጅ!» ይባላል። መቼም እናንተም እንዲሁ እየተመረቃችሁ ነው ያደጋችሁት። እኔን ግን ደብረ ታቦር ላይ ፊዚክስ ሳስተምር ይህ ምርቃት ጉድ ሠራኝ። ዓለም ከተሠራችባቸው ነገሮች አርፎ የሚቀመጥ አንድም የለማ! የጉና ተራራ ድንጋይ እንኳ፣ ያ ሁሉ ውርጭ ወርዶበት፣ ውስጥ ውስጡን ይርገፈገፋል። ታዲያ ይህን እጁን አጣምሮ ለተቀመጠ ልጅ እንዴት አድርጌ ላስረዳው?

አስጨፈርኳቸው።

አዳራሻችን ሁለት በር አለው። ልጆቹን ኤሌክትሮን አደረግኋቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኤሌክትሮን የምትባለው ኢምንት ነገር በየት በኩል እንዳለፈች የሚከታተላት ከሌለ፣ እንደ ውኃ ሞገድ በሁለቱም በር ባንዴ ታልፋለች። በር ላይ ቆሞ የሚያያት ካለ ግን ጭምት ብላ በአንዱ ብቻ ትገባለች። አናምንም ብትሉኝ አልቀየማችሁም፤ እኔም ስማር አላመንኩም ነበር። እናም ተመልካች በሌለበት ልጆቹ በሁለቱም በር እስክስታ እየመቱ ይጎርፋሉ፤ ተመልካች ከመጣ ቀጥ ብለው፣ በአንድ በር፣ ተራ በተራ።

ምን ዋጋ አለው፣ ጊዜው ሁዳዴ ነበር። «አስተማሪዋ በጾም ታስዘፍናለች» የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ርዕሰ መምህሩ ጠርተው እንዳቆም መከሩኝ። ንድድ አለኝና እምቢ አልኩ። ኤሌክትሮን በጾምም በፍስክም አታርፍም፤ እኔ ምን ላድርጋት?

በማግስቱ አያ ታከለ ከጉና ወረዱ። ልጃቸው ጥሩዬ ከክፍሉ ሁሉ የምትቀድም፣ በጥያቄ መድረሻ የምታሳጣኝ ተማሪ ናት። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ በረጋ ድምፅ ልጃቸውን የላኩት እንድትማር እንጂ አዝማሪ እንድትሆን አለመሆኑን ነገሩኝ። ዕቃዋን ትሰብስብ፣ ዛሬውኑ ይዘዋት ይመለሳሉ። ጥሩዬ ያን ዳገት አንዴ ከወጣች ሽማግሌ ይላክባታል እንጂ ማንም ወደ ትምህርት ቤት አይመልሳትም።

«ሰው ነግሮዎት ነው የመጡት» አልኳቸው። «በዓይንዎ ይዩና ከፈለጉ ይውሰዷት።»

ተስማሙ። ወንበር ብሰጣቸው እምቢ ብለው አዳራሹ ውስጥ በሁለቱ በሮች መካከል ገተር አሉ። ልጆቹ ያን ዱላ ሲያዩ ትከሻቸው ባንዴ ረገበ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው፣ በአንዱ በር ተራ በተራ ገቡ። ጥሩዬማ ጭራሽ አቀርቅራ።

«ዘፈን የተባለው የታለ?» አሉ አያ ታከለ።

«አንቱ ስላዩት እኮ ነው የቆመው። ትምህርቱም ይኸው ነው።»

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ፊታቸውን በሁለቱ በሮች መካከል ወዳለው ግድግዳ አዞሩ። ልጆቹ ተመልሰው ወጥተው ነበርና ወዲያው ውጭ ጭብጨባው ደመቀ። ዞር ቢሉ ጨዋ ልጆች በአንድ በር ይገባሉ። መልሰው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ጭብጨባ። ነገሩ ጣማቸው መሰለኝ፣ ደጋገሙት። በመጨረሻ ግን ከግድግዳው ጋር ተፋጠው ቀሩ፤ ልጆቹም በግራና በቀኛቸው ጎረፉ፣ ጥሩዬ ከፊት።

ቢሮው ደጅ ላይ ርዕሰ መምህሩና ወሬውን ሰምቶ የመጣው የወላጅ ኮሚቴ ፍርድ እየጠበቁ ነበር። አያ ታከለ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ።

«እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነበር» አሉ። «ዘፈን አላየሁም። ልጄ ትማር።»

እውነታቸውን ነው። እንግዲህ ከግድግዳው ጋር በተፋጠጡበት ሰዓት ትከሻቸው ከጋቢው ሥር ምን ያደርግ ነበር ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። እኔም አላየሁም።