ሾፌሩ ትራውት ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ

(ወንዝ ዳር። የአውቶቡስ ሾፌሩና የሚስቱ ወንድም የሆነው ዳቦ ጋጋሪ የየራሳቸውን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዘው ጎን ለጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሾፌሩን ሐኪም «ደም ግፊትህ እንዲወርድ አንድ ቀን ተረጋግተህ ዋል» ብሎታል። ጋጋሪው መንጠቆ ላይ የሚሰካ ትል ይዞ ያገላብጣል።)

ሾፌሩ፦ በጭንቅላቱ በኩል ነው የሚሰካው አልኩህ እኮ!

ጋጋሪው፦ እሺ ጋሼ። ግን ጭንቅላቱ የቱ ነው?

ሾፌሩ፦ ይሄም ይጠየቃል? ወደፊት የሚሄደው ነዋ!

ጋጋሪው፦ ይሄኛው በሁለቱም በኩል ይሄዳል።

ሾፌሩ፦ የኋላ ማርሽ አስገብቶ ነዋ! አምጣ ወዲህ! (ሲሰካ ጣቱን ይወጋል) ወይኔ!

ጋጋሪው፦ ጭንቅላቱን አገኘኸው?

ሾፌሩ፦ (እየጮኸ) ዝም በል! ትራውት ጨዋ ዓሣ ነው፤ ኮሽታ አይወድም!

ጋጋሪው፦ (በሹክሹክታ) ጋሼ፣ ከዚህ በፊት አጥምደህ ታውቃለህ?

ሾፌሩ፦ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭኜ ገደል ለገደል የምነዳ ሰውዬ አንድ ዓሣ ሊያቅተኝ? ይልቅ ወርውር።

(ጋጋሪው ዘንጉን ከነክሩ ወንዙ ውስጥ ይወረውረዋል።)

ሾፌሩ፦ ኧረ የሰው ያለህ! ክሩን እንጂ ዘንጉን ወርውር ማን አለህ?

ጋጋሪው፦ «ወርውር» አልክ እንጂ «ግማሹን አስቀር» መች አልክ?

(ገብቶ ያወጣዋል። እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ ተረጋግቶ ይቀመጣል።)

ሾፌሩ፦ አሁን ክሩን ብቻ ወርውር። ጎበዝ! ሲነክስ ንገረኝ።

(ሾፌሩም የራሱን ክር አጠገቡ ይወረውራል።)

ጋጋሪው፦ ነከሰ! ነከሰ!

ሾፌሩ፦ ሳበው! ሳበው እንጂ!

ጋጋሪው፦ በምን ልሳበው? ሱሪዬ ውስጥ ገብቷል!

ሾፌሩ፦ ማን?

ጋጋሪው፦ ጉንዳኑ!

ሾፌሩ፦ እህትህ ከአንተ ጋር የላከችኝ ልትገላገለኝ ብላ ነው! (የራሱ ዘንግ በድንገት ይጎብጣል) ኧረ! ያዘልኝ!

ጋጋሪው፦ የኔም ጎበጠ!

ሾፌሩ፦ የአንተን ተወው! ይሄ ዓሣ ሳይሆን በሬ ነው! (ይስባል) ና! ና አንተ!

(ጋጋሪውም ይስባል። ሾፌሩ ወደ ውሃው ይንሸራተታል።)

ሾፌሩ፦ ዋይ! ጎተተኝ!

ጋጋሪው፦ ቀስ በል ጋሼ፣ ደም ግፊትህ!

ሾፌሩ፦ የምን ደም ግፊት! እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም! ዛሬ እህትህ ድስቱ አይበቃትም!

(ጋጋሪው አንዴ ሳብ ያደርጋል። ሾፌሩ ጮኾ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ዘንጉን ግን አልለቀቀም። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ክሩን በዓይኑ ይከተላል።)

ሾፌሩ፦ ቆይ ቆይ… ይሄ ክር የሚሄደው ወደ… ወደ አንተ ነው እንዴ?

ጋጋሪው፦ አዎ ጋሼ። መንጠቆና መንጠቆ ተያይዘው ነው።

ሾፌሩ፦ እና ይሄን ሁሉ ጊዜ የምትጎትተው እኔን ነው?

ጋጋሪው፦ አዎ፤ ወዲያው ነው ያወቅኩት።

ሾፌሩ፦ በምን አወቅክ?

ጋጋሪው፦ በሳብኩ ቁጥር ትጮሃለህ። ዓሣ ደግሞ አይጮህም።

ሾፌሩ፦ እያወቅክ ታዲያ ለምን አልለቀቅከኝም?!

ጋጋሪው፦ ምነው ጋሼ! ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩት አንተን ብቻ፤ እንዴት ብዬ ልልቀቅህ?