ቤቴ ስትገባ የምትሞተው ኮምፒውተር

ነዳጁ የደራ ጊዜ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ የቤት ዕቃ መግዛት ሞኝነት ነበር። ሰዉ ይጥል ነበራ። ሶፋ ከነላስቲኩ ይጥላል። ደህና የሚሠራ ቴሌቪዥን ደጅ አውጥቶ "ውሰዱ" የሚል ወረቀት ይለጥፍበታል። እኔ ደግሞ ዳውንታውን አንድ የነዳጅ ኩባንያ ቢሮ አጸዳ ስለነበር፣ የእነሱማ አጣጣል ለጉድ ነው። አንድ ቀን ኮምፒውተሮቻቸውን በሙሉ በአዲስ ቀየሩና አሮጌዎቹን ኮሪደር ላይ ደረደሯቸው። አለቃዬ ከፈለግሽ አንዱን ውሰጂ አለኝ። ትንሿን መረጥኩ። ምን ልበላችሁ፣ የጫማ ካርቶን ብታክል ነው። በነጠላዬ ጠቅልዬ ታቅፌያት ባቡር ስገባ፣ ሕፃን የያዝኩ መስሏቸው ወንበር ለቀቁልኝ። እኔም አላፈርኩ፣ ተቀመጥኩ። ሰፈሬ ዋይትሆርን እስክደርስ እሹሩሩ ማለት ነበር የቀረኝ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ኮምፒውተር ለእኔ አዲስ አበባ ያለችውን እህቴን ሙሉን የማይባት መስኮት ናት፤ ከዚያ ሌላ አልፈልግባትም ነበር። ነገሩን ያመጣው ናቲ ነው።

ናቲ የሙሉ ልጅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የቤዝመንቴን በር ጎንበስ ካላለ አያልፍም። ሰሜን ካምፕ ውስጥ ነዳጅ ላይ ይሠራል፤ ሁለት ሳምንት ሠርቶ አንድ ሳምንት ኦፍ ይወጣል። ያቺ ሳምንት የእኔ ናት። ለእናቱ ቃል ገብቻለሁ፤ ልጅሽ ኦፍ ሲወጣ ከእኔ ቤት ሌላ አያድርም ብያታለሁ። እኔ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። እውነቱን ልንገራችሁና ያቺን ሳምንት ከእሱ ይበልጥ የምጠብቃት እኔ ነኝ።

ታዲያ ሰውዬው ቴምፕል የሚባል ሰፈር ማደር ጀመረ። ሻንጣውን ይጥልልኛል፣ ቆሞ ሁለት ጉርሻ ይጎርሳል፣ ውልቅ። ሴት አግኝቶ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካስ ጓደኛው ቤት ጉልበተኛ ኮምፒውተር አለች፤ ጌም ሊጫወት ነው የሚሄደው። ጢም ያወጣ ሰው። የእኔን ኮምፒውተር ለምን አትጫወትባትም ብለው ሳቀ።

"አክስቴ፣ ያቺ እኮ ኢሜይል ስትከፍት ራሱ ያልባታል" አለኝ።

እኔን ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ኮምፒውተሯን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ያለ አንድ ጥገና ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ቬትናማዊ ነው፤ የእሱም እንግሊዝኛ የእኔም እንግሊዝኛ እኩል ስለሆነ በደንብ ተግባባን። ለጌም አጠንክርልኝ አልኩት። ሜሞሪ ይጨመርላት፣ ሥዕሉን የሚያፈጥን ግራፊክስ ካርድ ይግባላት አለኝ። ካርድ ሲያሳየኝ አንዱ መዳፍ ያክላል፣ አንዱ ክንድ ያክላል። ለናቲ መዳፍ? ክንዱን አልኩት። አይገባም አለ። ግፋው አልኩት። እጄን ሰድጄ እኔው ልገፋላችሁ አይደለም? ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ሰውዬው ቀስ ብሎ ካርዱን ከእጄ ወሰደና ከሳጥኗ ጎን አስቀምጦ አሳየኝ። ሕፃን ላይ የአባቱን ካፖርት እንደመደረብ ነበር። በትንሹ ተስማማን።

ናቲ መጥቶ ሲያያት ግንባሬን ሳመኝ። "አክስቴ፣ አንቺ እኮ አንደኛ ነሽ" አለ። እቤቴ አደረ። በማግስቱ አብሮት የሚሠራውን ጄሪን አመጣው። ጄሪ ከኒውፋውንድላንድ የመጣ፣ ጺሙ ቀይ፣ ድምፁ እንደ እኔው ትልቅ የሆነ ሰው ነው። ግን ሳሎኔ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፣ ድምፁን ይቀንሳል፣ አንገቱን ደፋ ያደርጋል። እንዴት ያለ ጨዋ ነው አልኩ።

ችግሩ ምን ሆነ? ኮምፒውተሯ ትሞታለች። ጨዋታው ሲሞቅ፣ ድርግም። ናቲ ይፈታታል፣ አቧራዋን ያራግፋል፣ እንደተከፈተች ይሞክራታል፤ ትሠራለች። ይዘጋታል፣ እጁን ታጥቦ መጥቶ ይቀመጣል፤ ትሞታለች። ጥገና ቤት ወሰድናት፤ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ዋለች። ቤት መለስናት፤ ሞተች። ደሜ ፈላ። ብቻዬን ሄጄ ያንን ምስኪን ሰው ደንበኛ ፊት ጮኽኩበት። ሆን ብለህ ነው፣ ተመላልሼ እንድከፍልህ ነው አልኩት። እሱ ግን አልተቆጣም። እዚህ ትሠራለች፣ ቤትሽ ትሞታለች፤ ቤትሽ ምን አለ? አለኝ። ቤቴ ምን አለ? ይኼማ ስድብ ነው። ቤቴ ከአንተ ቤት የጸዳ ነው ብዬ በሩን ጠርቅሜ ወጣሁ።

ማታ ናቲ ፊቴን ሳያይ ተናገረ። "አክስቴ፣ አታስቢ፤ ኔክስት ኦፍ ቴምፕል ብሆን ይሻላል።"

ለሙሉ ምን እላታለሁ? ለራሴስ?

በዚህ መሐል ጄሪ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ፤ እሱም አክስቴ ለማለት አንቲ ነው የሚለኝ። አንቲ፣ ቅር አይበልሽና፣ ያንን ቅዱስ ጨርቅ ጸሎት በማይደረግበት ሰዓት ማንሣት ይፈቀድ ይሆን ወይ? ብሎ ጠየቀኝ።

የምን ቅዱስ ጨርቅ?

እዚህ ላይ ሳልነግራችሁ ያለፍኩት ነገር አለ። ደብቄያችሁ አይደለም፤ የሚነገር ነገር ስላልመሰለኝ ነው። ኮምፒውተሯን ዳንቴል አልብሻት ነበር። በእጄ የሠራሁት ነው፤ ሮዝ ሳቲን ገበር ያለው፣ በአራቱም ጎን ጠረጴዛው ድረስ የሚወርድ። ቴሌቪዥኑ አለው፣ ፍሪጁ አለው፣ እሷስ ለምን ራቁቷን ትቀመጥ? ናቲ ሊፈታት ሲል አነሣዋለሁ፤ ዘግቷት እጁን ሊታጠብ ሲሄድ አለብሳታለሁ። ናቲ እንዴት አላየውም ትሉኝ ይሆናል። በዳንቴል መሐል ያደገ ልጅ ዳንቴል ያያል እንዴ? ጄሪ ግን ከመጀመሪያው ቀን አይቶታል። ከኮምፒውተሯ በላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል፤ የሥዕሉም መጋረጃ ዳንቴል ነው። ካምፕ ውስጥ ደግሞ የሰው ባህል አክብሩ እየተባለ ይመከራሉ። ስለዚህ ሰውዬው ኮምፒውተሯ በሞተች ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ኀዘን ይቀመጥ ነበር።

ናቲ ዳንቴሉን ገልጦ መዳፉን አሳረፈባትና ወዲያው አነሣ። "አክስቴ፣ እንቁላል ይጠበስባታል እኮ፤ ታፍና ነው የምትሞተው" አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይባስ ብሎ ሁለቱም አልሳቁም፤ ለእኔ ብለው ከንፈራቸውን ነከሱ። በማግስቱ ዳንቴሉን ይዤ ቬትናማዊው ሰውዬ ዘንድ ሄድኩና፣ ቤቴ ያለው ይኼ ነው አልኩት። እየገለባበጠ አየው። እናቴም ትሸፍናለች አለኝ። ሥራው ያምራል ብሎ ጨመረልኝ፤ ያኔ ይበልጥ አፈርኩ።

ከዚያ ወዲያ መሞት ቀረ። ናቲም ቴምፕል መሄዱን ተወ። ያሰብኩት ተሳካ ማለት ነው? ጆሮው ላይ ያንን ማዳመጫ ይደፋና ብጠራው አይሰማ፣ ምግብ ባቀርብ "ቆይ አክስቴ" ነው። ጀርባውን ሳይ ዋልኩ። ጄሪ አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ነይ ተቀመጪ ብሎ ማውዙን አስያዘኝ። ጨዋታው ጦርነት ነው፤ አንቺ አትተኩሺም፣ መድኃኒት ይዘሽ የወደቀውን ታነሺያለሽ፣ ይኼው ነው አለኝ።

እናንተዬ፣ ሰው ማንሣትማ የእኔ ሥራ ነው። ናቲ ካምፕ ሲመለስ ብቻዬን ተለማመድኩ። ከሥራ ስገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምቀመጠው። እዚያ ካምፕ ሆኖ በኢንተርኔት አብሮኝ የሚጫወተው ወንድ ሁሉ ሲወድቅ "አንቲ" እያለ ይጣራል። ሄጄ አነሣዋለሁ፣ ካነሣሁት በኋላ ደግሞ እቆጣዋለሁ፤ ማን ብቻህን ሩጥ አለህ? በአማርኛ ነው የምቆጣው። ይገባቸዋል።

ናቲ ኦፍ ወጥቶ ሲመጣ ቦታውን ያዘ። ወዲያው ከማዳመጫው "አንቲ የት አለች?" የሚል ድምፅ መጣ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። አንዴ ብቻ አልኩት። እራት ሳይሠራ መሸ። በማግስቱም አንዴ ብቻ አልኩት። የዛሬ ሳምንት እንደገና ኦፍ ወጥቶ ሲመጣ ሻንጣውን ጣለ፣ እንደተቀመጥኩ አየኝ፣ ድስቱን ከፍቶ አየ፤ ባዶ ነው። "ቴምፕል ደርሼ ልምጣ" አለ። እሺ የእኔ ልጅ አልኩት፤ ዞርም አላልኩ።

ትናንት ሙሉ ስልክ ደወለች። ልጄን አገናኚኝ አለች። ቴምፕል ነው አልኳት። እህቴ ነደደች። አንቺን ብቻሽን ጥሎ? እንዲህ ያለ ልጅ ነው የወለድኩት? ብላ ዘጋችብኝ። ለእሱ ደውላ ልክ ልኩን ነግራዋለች። ጥቂት ቆይታ መልሳ ደወለችልኝ። "አጠፋሁ እማዬ፣ ይቅርታ እጠይቃታለሁ ብሏል። አንዲት ቃል ለራሱ አልተከራከረም" አለች።

አንዲት ቃል። አክስቴ ወንበሬን ወሰደችብኝ ማለት አቅቶት ነው? ፊቴ እሳት ሆነ። ልነግራት አፌን ስከፍት በሌላው ጆሮዬ ካለው ማዳመጫ ጄሪ ከተከራየበት ቤት ሆኖ "አንቲ፣ አንቲ" እያለ ይጮኻል፤ ጨዋታው ውስጥ ወድቋል።

"ማነው እንዲህ የሚጠራሽ?" አለች ሙሉ።

"ጎረቤት ነው፤ ተጎድቷል" አልኳት።

"ሂጂ፣ ሂጂ ድረሽለት። አንቺ እኮ ዕድሜሽን ሙሉ ለሰው እንደኖርሽ ነው" አለችኝ፤ ድምፅዋ እንባ እንባ ይላል።

ስልኩን ዘግቼ ለአፍታ ያህል በእፍረት ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ሄጄ ጄሪን አነሣሁት።