ማንም ያልሞተበት ቅዳሜ

በየከተማው አፍ ብዙ ነው፤ ጆሮ ግን አንድ ነው። ይህን አንድ ጆሮ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሠርግ ቤት ሲገባ ከሙሽራዋ በፊት ስፒከሩን የሚያይ ሰው ነው። ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተንጠራርቶ «ወንድሜ፣ የግራው ሞቷል፤ በቀኝ ብቻ ነው የሚዘፍንልህ» ብሎ ሾፌሩን የሚያስደነግጥ ነው። እኛ ዓለምን አይተን ስናልፍ እሱ በጆሮው ይዳስሳታል። የደባርቅ ጆሮ ክቡር ጋሼ ጀላል ይባላሉ።

ጋሼ ጀላል መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቃቸው ለሾፌሮችና ለጎረምሶች በፍላሽ ዘፈን ይጭናሉ። ይህ እንጀራቸው ነው። ማዕረጋቸው ሌላ ነው፦ የከተማችን ትንሿ ሬዲዮ ሊቀ ድምፅ፣ የዝናብና የነፋስ አለቃ፣ የበር ማንኳኳት የበላይ ኃላፊ። ማንም አልሾማቸውም። ሬዲዮው በተከፈተ ሰሞን «ማይካችሁን ጉንፋን ይዞታል» ሊሉ ገቡ፤ እስካሁን አልወጡም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ግጥሞቼን በቦርሳ አጭቄ ስመለስ እዚያው አገኘኋቸው። የቅዳሜ ጠዋት ዝግጅት ተሰጠንና «የሰማ ያሰማ» አልነው። እኔ ድራማና ግጥም እጽፋለሁ፤ እሳቸው ድምፅ ያለብሱታል። በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ «ዝናብ ይዘንባል» የሚል ነበረበት።

«ዝናቡ የት አለ?» አሉኝ።

«ከኢንተርኔት እናወርደዋለን፣ ጋሼ።»

መስጊድ በጫማ የገባሁ ይመስል አዩኝ።

«ልጄ ሠርካለም፣ የሰው አገር ዝናብ የእኛን ገብስ አያበቅልም።»

ወሩ ጥር ነበር፤ ሰማዩ ላይ ጣት የምታህል ደመና የለችም። በማግሥቱ ሰፌድና አንድ እፍኝ ገብስ ቆሎ ይዘው መጡ። ቆሎውን ሰፌዱ ላይ ቀስ እያሉ ሲያንከባልሉት ስቱዲዮው ውስጥ ካፊያ ጀመረ። ፈጠን ሲያደርጉት ወረደው! ዶፍ ሆነ! እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበርና ሳላውቀው ነጠላዬን ራሴ ላይ ስቤ ተገኘሁ። ቀረጻው ሲያልቅ ዝናቡን ተካፍለን በላነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አፌን ከፍቼ ነው የምከተላቸው። አመል ግን አላቸው። ገበያ መሃል፣ ወሬ መሃል፣ ጉርሻ መሃል ጣታቸውን ወደ ላይ ይቀስሩና «ዝም! ድምፅ አለ» ይላሉ። በግ የሚከራከረው ይቆማል፤ በጉም የሚቆም ይመስለኛል። አንድ ቀን ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች መንገድ ዘግተው ሲሰዳደቡ መሃላቸው ገብተው «ዝም!» አሉ። ከዚያ ማይካቸውን ወደ አንደኛው አስጠግተው «ልጄ፣ ያችን የመጨረሻዋን ስድብ ድገማት፤ ነፋስ ገብቶባታል» አሉት። ልጁ ሊደግማት ሞከረ፤ ሳቁ ቀደመው። ተሰዳቢውም ሳቀ። መንገዱ ተከፈተ። ጋሼ ጀላል ብቻ ስድቧ ስላመለጠቻቸው አዝነው ዋሉ።

የጭላዳውንስ ነገር ማን ይረሳዋል! ለድራማችን «የጭላዳ መንጋ ሣር ሲግጥ» ያስፈልገን ነበር። ጋሼ ጀላል ማይኩን ከነፋስ ለመከላከል በበግ ለምድ ጠቅልለው፣ መንጋው መሃል በሆዳቸው ተስበው ገቡና አስቀመጡት። አንዲት እናት ጭላዳ መጣች። ለምዱን አየችው። አጠገቡ ተቀምጣ፣ ጸጉሩን በጣቷ እየፈለቀቀች ቅማል ትፈልግለት ጀመር! ስቱዲዮ ተመልሰን ስንሰማው ከዚያ በላይ የሚያባብል ድምፅ በዚህ ምድር ላይ እንዳለ አላውቅም። እናት ለልጇ ጸጉር የምትሠራበት ትዕይንት ላይ አስገባነው። ማን እንደሠራችው እስከዛሬ ማንም አልጠረጠረም።

ስለ ዘፈን ከጀመሩ ደግሞ ሱቃቸው ይሞላል። «ድሮ ዘፈን በር ነበረው» ይላሉ። «ክራሩ ያንኳኳል፣ ከበሮው ማን ነው ይላል፣ ከዚያ ነው ዘፋኙ የሚገባ። የዛሬው በመስኮት ዘሎ ነው የሚገባ።» እኔ እከራከራለሁ። ቲክቶክ ላይ ያለ ሰው በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም፤ ጣቱ ቸኩላለች፤ ዘፈኑም ልብን ቶሎ መያዝ ካልቻለ ተገፍቶ ያልፋል። ደግሞስ መስኮት ምን አለው? ፀሐይም የምትገባው በመስኮት ነው። ይህን ስላቸው «ገጣሚ!» ብለው ይስቁብኛል።

አንድ ቀን ግን ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው፣ ጆሮ ማዳመጫ ሰክተው፣ ትከሻቸው ለብቻው ሲሄድ ያዝኳቸው። የሚሰሙት ያንኑ በመስኮት የሚገባውን፣ ድምፁ በማሽን የተጠማዘዘውን የሰሞኑን ዘፈን ነው። አላፈሩም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝና «አዝማቹ ከመግባቱ በፊት ስሚማ» አሉኝ። ሰማሁ። ልጁ ሊዘፍን ሲል ትንፋሹን ይስባል። ከዚያ ሁሉ ማሽን መሃል አንዲት እርጥብ፣ የሰው ትንፋሽ!

«አልቆረጧትም» አሉ፤ ዓይናቸው አብርቷል። «ወላሂ፣ ዘፈኑ እዚህ ነው ያለ። ሌላው ጌጥ ነው።»

ዩኒቨርሲቲ ስለ ግጥም ብዙ ተምሬያለሁ። ይህን ግን አልተማርኩም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ዝግጅት ይዘን ሳለ ማንም አይደውልልንም ነበር። የሬዲዮው ኃላፊ በለጠች አንድ ሰኞ ጠራችን። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ስልኩ ፊቷ ተቀምጦ ቅዳሜ ቅዳሜ ዝም ሲላት ልቧ ይቆስላል።

«ጋሼ ጀላል፣ ገብሱም ይዘንባል፣ ጭላዳውም ይሰማል። ሰው ግን አለ?» አለች። «በዚህ ቅዳሜ አንድ ሰው እንኳ ካልደወለ ሰዓቱን ለእንግሊዝ እግር ኳስ ወሬ እሰጠዋለሁ። የኳሱ ልጆች በር ላይ ተሰልፈው እየጠበቁ ነው።»

ጋሼ ጀላል ማይካቸውን አነሡ። ሲወጡ በሩን እንኳ ድምፁን ሳያዳምጡ ዘጉት። እንዲያ አይቻቸው አላውቅም። እኔም ግጥሞቼ ወደ ቦርሳቸው ሊመለሱ እንደሆነ ገባኝ።

ለቅዳሜው አንድ መንደር ስለምታነቃ ማለዳ የሚናገር ድራማ ጻፍኩ። «የእድር ጥሩምባ ከሩቅ ይነፋል» ብሎ ይጀምራል። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ አያ አለምነህ ናቸው፤ ሰው ሲሞት በማለዳ ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ የሚነፉ፣ በድምፃቸው ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸው። ጋሼ ጀላል ይዘውኝ አያ አለምነህ ቤት ሄዱ።

«ሰው ሳይሞት ጥሩምባ አይነፋም» አሉ አያ አለምነህ። «ሟርት ነው።»

«ማንም በማይሰማበት ብንነፋውስ?»

«ማንም ካልሰማው ለምን እንነፋዋለን?»

«ለሬዲዮ» አሉ ጋሼ ጀላል።

አያ አለምነህ ይህን አሰላሰሉት። «እንዲያ ከሆነስ ደግ» አሉ። እኔም፣ የተማርኩት፣ አጠገባቸው ቆሜ «ጎሽ» አልኩ።

የከተማው ጆሮ እንዳይደርስብን ተጠንቅቀን እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ወጣን። አያ አለምነህ ፊታቸውን ወደ ቆላው አዙረው ነፉ። ድምፁ ገደሉን ወረደ፤ ገደሉ ተቀብሎ አሻሽቶ መለሰው። ከዚያ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! እድርተኛ ሁሉ ውጣ!» ብለው ተጣሩ። ስም ይጨምሩ ብንላቸው እምቢ አሉ። «የጠራሁት ሰው ቢሞትስ?» ጋሼ ጀላል ሳምንቱን ሙሉ ያንን ድምፅ ሲያሹት ሰነበቱ። አራቁት፣ ግድግዳ አሻገሩት፤ ከጎረቤት ሰፈር የሚመጣ እስኪመስል ድረስ።

ቅዳሜ ጠዋት ጥሩምባው አየር ላይ ወጣ። ጋሼ ጀላል፣ በለጠችና እኔ ስልኩን እያየን ነው። ጥሩምባው ገና ሳያባራ ስልኩ ጮኸ! ጋሼ ጀላል «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ወንበራቸውን አቀፉ። በለጠች መስመሩን ለአየር ከፈተችልኝ።

«ሄሎ! የሰማ ያሰማ ነው!» አልኩ።

«ማን ነው የሞተው?» አለች አንዲት ሴት።

«ማንም አልሞተም እናቴ፤ ድራማ ነው።»

«ድራማው ይቆይና ሟቹን ንገሪኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ በር ላይ ቆሜያለሁ። በየት ልሂድ?»

ሳልመልስላት ሌላ ስልክ ገባ። ነጋዴዋ ሰሊማ ነበረች፤ ወደ ጎንደር ስትሄድ ዳባት ላይ ሚኒባሱ ውስጥ በሬዲዮ ሰምታለች። «ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ፤ ሾፌሩም እድርተኛ ነውና አብሮኝ ወረደ! ተሳፋሪው እየጮኸብን ነው። ማን ነው በአላህ?» ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በለጠች ለረጅም ጊዜ ያለቀሰችለት ስልክ እጇ ውስጥ እንደ ጫጩት ይንጫጫል። ከተማዋን የሚያህል ጆሮ እንዳይሰማን ሊማሊሞ ድረስ ተጉዘን፣ ድምፁን በየቤቱ ራስጌ እንዳስቀመጥነው ያን ጊዜ ነው የገባን።

የሬዲዮው ግቢ ሞላ። ወንዶች የድንኳን ምሰሶ ተሸክመዋል፤ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ገዱ ፊት ቆመው «ድንኳኑን የት እንትከለው?» አሉ።

በጓሮ በር መውጣት ይቻል ነበር። ጋሼ ጀላል ግን በፊት በር ወጡ፤ ማይኩም ከእጃቸው አልወረደም።

«ወገኖቼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥሩምባው ለሬዲዮ የተነፋ ነው። ማንም አልሞተም።»

ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ እንዴት እንደምጽፈው እስከዛሬ እየሞከርኩ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ በየልቡ አንድ አንድ ሰው ቀብሮ የመጣው፣ እኩል ተነፈሰ። ግቢው ራሱ የተነፈሰ መሰለኝ።

ከዳር ሰፈር የመጡት ባልቴት እማማ የሺወርቅ ወደፊት ወጡ። «እኔ ብቻዬን ነው የምኖር» አሉ። «ስሞት ማን ይሰማልኝ ይሆን ስል ነበር። ለካ እንዲህ ግልብጥ ብላችሁ ትወጣላችሁ!» ብለው እልልታውን አቀለጡት። ሳቁ ከዚያ ጀመረ።

ሁሉም ግን አልሳቀም። «ይህ ሬዲዮ ይዘጋ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተነሳ፤ ደጋፊም አገኘ። አቶ ገዱ ምሰሶውን መሬት ላይ ተክለው አሰቡ።

«የተነፋ ጥሩምባ ተመልሶ አይዋጥም» ብለው ፈረዱ። «ማርከሻ ግን ይሻል። ስማ ጀላል፦ ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁሉ በፊት በገዛ አፍህ "ዛሬ ማንም አልሞተም" ትላለህ። ይህን ሳትል ከጀመርክ እድሩ ራሱ መጥቶ ይዘጋሃል።»

«የሞተ ካለስ?» አለ አንዱ።

«ያን ጊዜ አለምነህ ከሬዲዮው ይቀድማል።»

በለጠች ዓይኗን አብሳ «እግር ኳሱ ወደ እሁድ ይዞራል» አለች። እኔ ጋሼ ጀላልን አቀፍኳቸው። እሳቸው ግን ጣታቸውን ቀሰሩ። «ዝም! ድምፅ አለ።» ያን ትንፋሽ ቀድተውት ኖሯል።

እነሆ ከዚያ ወዲህ የከተማው ቅዳሜ በዚያ በአቶ ገዱ ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። አንዳንዶች እሱን ሰምተው ያጠፉታል፤ ግድ የለም። ሚኒባሶች እሱ ሳይነገር ከመናኸሪያ አይወጡም ይባላል። እኔ ከግጥሞቼ ሁሉ የሚሻል ነው ብዬ ቀናሁበት።

ባለፈው ክረምት ጽሑፌ ላይ «በረዶ ይወርዳል» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ ጀላል በሰው አገር በረዶ አያምኑምና ማይካቸውን አዝለው ራስ ዳሽን ሥር ወዳለችው አምቢኮ ሄዱ። ዓርብ ይመለሳሉ ሲባል አልተመለሱም። ስልካቸው አይሰራም። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ መንገዱን ሲያጥበው አደረ፤ ይኸኛው ገብስ አልነበረም።

ቅዳሜ ሰዓቱ ደረሰ። «ጀምሪ» አለችኝ በለጠች። ማይኩን አየሁት። ልከፍተው እጄን ዘረጋሁ፤ መልሼ ሰበሰብኩ። አራት ቃል አይሞላም። ግን እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ? ስልኩ መጮህ ጀመረ። «ምነው ዘገየ?» አሉ እማማ የሺወርቅ። «ጀላል ደህና ነው?» አሉ አያ አለምነህ። አቶ ገዱ ደውለው ምንም ሳይናገሩ ዘጉት። ያን ጠዋት ሙሉ፣ ስለ አመላቸው ሳማቸው የኖርኩት ሰውዬ እንዲመጡና «ዝም!» እንዲሉኝ ለመንኩ።

በሩ ተከፈተ። ከራስ እስከ እግራቸው ጭቃ ናቸው፤ ማይካቸውን እንደ ሕፃን ጋቢያቸው ውስጥ ወሽቀውታል። እኔን አዩ፣ በለጠችን አዩ፣ የሚጮኸውን ስልክ አዩ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ምነው?» አሉ። «ማን ሞተ?»

ማይኩን ከፈትኩ፤ ከተማው ሁሉ የሚሰማው ረጅም ትንፋሽ ሳብኩ።

«የሰማህ ላልሰማህ አሰማ። ዛሬ ማንም አልሞተም።»