የአርባ አምስት ደቂቃ ድጋፍ

የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ከማዋስ ኋላ ቀር አሠራር ተላቆ ወደ ምርምር አጋርነት መሸጋገሩን በዓይናቸው ለማየት ከታደሉት ጥቂት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ያየሁትን ሳልመሰክር ብቀር ታሪክ ይወቅሰኛል።

ቀኑ ልጄ የመመረቂያ ጥናቷን የምታስረክብበት የመጨረሻ ቀን ነበር። እስከ አሥር ሰዓት። ጥናቷ ስለ ጉድጓድ ውኃ ነው። መምህሯ «የጉድጓድ ውኃ ጠባይ» ከሚለው መጽሐፍ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ካለው ሠንጠረዥ ጋር ካላመሳከረች አልፈርምም ብለዋል። ካልፈረሙ ዓመቱን ትደግማለች። ሦስት ቀን ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም፤ እኔም መንገድ ላይ ብትወድቅብኝስ ብዬ የውኃ ኮዳዋን ይዤ ተከተልኳት።

በሩ ላይ የተቀበሉን ሰውዬ ሃያ ዓመት መጽሐፍ ሲሰጡ የኖሩ ናቸው። ድሮ ዓይናቸውን ጨፍነው መደርደሪያውን ያገኙት ነበር አሉ። አሁን ደረታቸው ላይ «ከፍተኛ የምርምር ድጋፍ አጋር» የሚል ካርድ ተንጠልጥሏል፤ ዓይናቸውም ተገልጧል።

«ጋሼ፣ የጉድጓድ ውኃ ጠባይን ፈልጌ ነበር» አለች ልጄ።

«መደርደሪያ ሦስት…» ብለው ጀመሩና ምላሳቸውን ነከሱ። ግራ ቀኝ አዩ። «ይቅርታ፣ ተመራማሪ። አሁን እንዲህ በደረቁ አንናገርም።»

«ለምን?» አልኩ።

«እትዬ፣ ወዲያው ብነግራት አራት ሰከንድ ነው። አራት ሰከንድ ሪፖርት ላይ አይገባም። አንድ ድጋፍ ማለት አርባ አምስት ደቂቃ ነው።»

«ከዚያ በኋላስ መጽሐፉን ታገኛለች?»

«ከዚያ በኋላማ ፍላጎቷ ይለያል።»

«ፍላጎቷ መጽሐፉ ነው እኮ!»

«እሱን የምትሉት እናንተ ናችሁ» አሉ በሐዘኔታ። «ፍላጎት ገና ይጠናል።»

ወደ ድጋፍ ክፍል ገባን። ፕሮጀክተሩ ተከፈተ፤ ግድግዳው ላይ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ክብ የሚመለስ ቀስት ታየ። እንዴት ያለ ጥልቅ ነገር ነው! ልጄ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ ልጄን አያለሁ።

«ከአንድ እስከ አምስት፣ መጽሐፉን ምን ያህል ይፈልጉታል?»

«አምስት!»

«ከመጽሐፉስ ምን ይጠብቃሉ?»

«ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን!»

«ግሩም። እሱ የሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ርዕስ ነው። ሐሙስ።»

ልጄ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔ ፊደል የጀመርኩት ዘንድሮ በማታ ትምህርት ስለሆነ ግድግዳው ላይ የሚያልፈው ጽሑፍ ይቀድመኛል። ረጋ ብሎ የተቀመጠ ጽሑፍ ፈለግሁ። ፕሮጀክተሩ ሥር ከፍ እንዲያደርጉት ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት ተነባብረዋል። የመካከለኛውን ጀርባ በጣቴ እየተከተልኩ ለቀምኩት፤ የ… ጉ… ድ… ጓ… ድ።

«ልጄ! ይኸው መጽሐፍሽ!»

«ጥያቄ በመጨረሻ ነው» አሉ አጋሩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አዩና ደነገጡ። «እኔ ደግሞ መደርደሪያ ሦስት ላይ ነው ብዬ!»

ልጄ እጇን ስትዘረጋ ፊቷ ቆሙ። «አይነካም! ይኼ መጽሐፍ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«በመዝገብ የፕሮጀክተር መደገፊያ ነው። ወደ ንብረት ክፍል ተዛውሯል። እኔ በመደገፊያ ላይ ሥልጣን የለኝም።»

ደረጃውን በሩጫ ወረድን። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አዛውንት ናቸው፤ ወንበር ላይ ቁጥር ይጽፋሉ። ልጄ እያለከለከች «አባባ፣ የላይኛው ክፍል የፕሮጀክተር መደገፊያ ለዛሬ ብቻ…» አለች።

«የትኛው?»

«የመካከለኛው።»

«ፈርሚና ውሰጂ። በቦታው ይቺን ጡብ አድርጊበት፤ እንዳይንጋደድባቸው።»

ይኸው ነው። አንድም ክብ አልሳሉላትም።

ለአሥር ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው መምህሯ ፈረሙ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ከዚያ እህል አበላኋት።

በዓመቱ መጨረሻ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። የቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክተር አራት መቶ ስድሳ የድጋፍ ክፍለ ጊዜያት በስኬት መካሄዳቸውን አበሰሩ፤ ተጨበጨበ። ቀጥለው የፈለገችውን አግኝታ የወጣች ተመራማሪ ግን አንዲት ብቻ መሆኗን፣ የደገፏትም የንብረት ክፍሉ ኃላፊ መሆናቸውን አነበቡ። አዛውንቱ መድረክ ላይ ተጠርተው ሜዳሊያ ተደረገላቸው።

«ተሞክሮዎን ያካፍሉን» አሏቸው ዳይሬክተሩ።

«ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት።»

ሁሉም ብዕሩን እንደያዘ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ጠበቀ። ቀጣይ አልነበረም።

ዳይሬክተሩ ተሞክሮው ለሪፖርት እንደማይበቃ ስለተረዱ፣ አዛውንቱን በአጋርነት ዙሪያ ለሦስት ወር ሥልጠና ላኳቸው። እስኪመለሱ ንብረት ክፍሉ ተቆልፏል።