የብርቱካን ሎሚ

ሰላጣ ሲባል ምን ይታያችኋል? እውነቱን እንነጋገር። ቅጠሉ ነው የሚታያችሁ። ከላዩ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይት ፈሰስ፣ ሎሚ ጠብ። በያይነቱ ላይ ጥጉን ይዞ የሚቀመጠው። እኔም ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የማውቀው እሱን ብቻ ነበር። ባለፈው ጥር ግን ስልኬ ላይ አንድ ነገር አየሁና ቤታችን ተገለባበጠ።

የስልክን ነገር ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ስለ ፓፓያ ከጠየቃችሁት ዕድሜ ልካችሁን ፍራፍሬ ሲያሳያችሁ ይኖራል። እኔ ደግሞ ጠይቄው ነበር። ጓሯችን ያለው ፓፓያ አራት ዓመት ሙሉ አብቦ አብቦ አንድ ፍሬ አልሰጠንም። ለእሱ መላ ስፈልግ ነው «የክረምት ፍራፍሬ ሰላጣ ከሎሚ አለባበስ ጋር» የሚል ነገር ድንገት የመጣብኝ። ከእንግሊዝኛ የተረጎመው ስልኩ ራሱ ነው። ክረምት አለ እንግዲህ። በጥር። እዚህ አዳማ ላይ፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ በሚሄድበት ሰዓት። ፈረንጅ ክረምት የሚለው የኛን በጋ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። አለባበስ የሚለውስ? ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሰላጣም እንደሚለብስ ግን ማን ነግሮኝ? በኋላ ሳነበው ልብስ የተባለው የሎሚና የብርቱካን ጭማቂ ከማር ጋር ተመትቶ ከላይ የሚፈሰው ነው።

እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ ካላነበብኩ አይገባኝም። «ሮማንን ለሁለት ሰንጥቋት፤ ጀርባዋን በማንኪያ እየመታችሁ ፍሬዋን አራግፉ» ብዬ አነበብኩ። ከጓዳ «ምን አልክ?» የሚል ድምፅ መጣ። ሚስቴ ስሟ ሮማን ነው። ስልኩ ነው አልኳት። ስልኩን እስቲ ይሞክረኝ በለው አለችኝ። ቀጠልኩ። «ብርቱካንን ላጧት፤ ነጩን ሽፋን አንድ ሳታስቀሩ ግፈፉላት» ይላል። አሁን ደግሞ ከመኝታ ቤት ሌላ ራስ ብቅ አለ። እህቴ ስሟ ብርቱካን ነው። እንግዲህ ኑሮዬን አስቡት። አሥራ አንድ ዓመት ሮማንና ብርቱካን በአንድ ሳህን የተቀመጡበት ቤት ውስጥ ነው የምኖረው። እርስ በርስ ሁልጊዜ አይጣጣሙም። በእኔ ላይ ሲሆን ግን አንድ ናቸው።

ስለ ብርቱካን ትንሽ ልንገራችሁ። የመጨረሻ ታናሼ ናት። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እኔ እንደነገርኳችሁ እንዳትነግሯት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ሸሚዙን ገልብጣ ታይና አንዲት ክር ወጥታ ካገኘች ትመልሰዋለች። ችግሩ ባልም የምታየው እንደዚያው ነው። አንዱን ሻይ ሲጠጣ ድምፅ ያሰማል ብላ መለሰችው። አንዱን እያወራ ሰዓቱን ያያል ብላ መለሰችው። አንደኛው ምንም እንከን አልነበረበትም፤ እንከን የሌለው ነገር ያጠራጥራል ብላ መለሰችው። እናታችን ልታርፍ ስትል እጄን ይዛ «እህትህን አደራ» ብላኛለች። አደራ ከባድ ነው። ጥር በመጣ ቁጥር የሰርግ መኪና በየሰፈሩ ጥሩምባ ሲነፋ፣ የሚነፋው እኔ ደረት ላይ ነው።

ታዲያ ዘንድሮ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ብርቱካን እንደ ዋዛ፣ እሁድ አንድ ሰው ፓፓያውን ሊያይልን ይመጣል አለችኝ። ገመቹ ይባላል። የሥራ ባልደረባዋ የአክስት ልጅ ነው፤ መልካሳ በፍራፍሬ ችግኝ የሚሠራ ባለሙያ። ደስ አለኝ። ለፓፓያው ነው ደስ ያለኝ፤ ሌላ ነገር ጠርጥሬ እንዳይመስላችሁ። የፍራፍሬ ባለሙያ ቤቴ ድረስ መጥቶ ምን ላብላው? ፍራፍሬ ነዋ። ሰላጣውን እኔ ነኝ የምሠራው አልኩ። ሮማን ወንበር ይዛ ሳቀች። በትዳራችን ዘመን ውሃ አፍልቼ አታውቅም።

እሁድ ጠዋት ሁለቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ ከጉሊት ያመጣሁትን ኩሽና ውስጥ ዘረገፍኩት። ፓፓያ፣ ሙዝ፣ አናናስ፣ ዘይቱን፣ መንደሪን፣ ብርቱካን። ብርቱካኗን ስልጥ እህቴ በአጠገቤ አለመኖሯ በጀኝ። ሮማን ግን ገበያው ላይ የለችም። ያለችኝ አንዷ ናት፤ እሷ ደግሞ አትሰነጠቅም። ከታተፍኩ፣ አደባለቅኩ፣ ቀለሙን አይቼ በራሴ ተደነቅኩ። አሁን አለባበስ ብቻ ቀረ። ለካ ሎሚ አልገዛሁም። ድግስ ደግሶ ሙሽራዋን እንደመርሳት ነው።

ፍሪጁን ከፈትኩ። እንቁላል ማስቀመጫው ላይ አንዲት ነገር በነጭ መሐረብ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ፈታሁት። ሎሚ። ምን ዓይነት ሎሚ መሰለቻችሁ፤ የሕፃን ጡጫ የምታህል፣ ቆዳዋ የሚያበራ፣ ሽታዋ ኩሽናውን የሞላ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ሎሚ በመሐረብ ተጠቅልሎ ብታዩ ምን ትላላችሁ? እኔ የብርቱካን ጥንቃቄ ነው አልኩ። ብርቱካን ካልሲ እንኳ ትጠቀልላለች። ጨመቅኳት። አንድ ፍሬ ዘር የላትም። ስልኩ ልጣጩንም ፈቅፍቃችሁ ጨምሩ ስላለ የካሮት መፈቅፈቂያ አንስቼ ፈቀፈቅኩት። የተረፈችውን ደግሞ አናናስ ያጣበቀውን ቢላዋና ሳፋ አሸሁባትና ጣልኳት። ቁጠባ ለኔ ነው። ከማሩ ጋር መትቼ አለበስኩት። ቀመስኩት። ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ትከሻዬን ሰበቅኩ፤ ሰው አላየኝም።

ሲመጡ ሳህኑን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጌ ተቀበልኳቸው። ብርቱካን ሳታየኝ አልፋ ፍሪጁን ከፈተች። ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው። «ጋሼ፣ እዚህ የነበረችው ሎሚ የት ሄደች?» አለች። እኔ ምኑን አውቄው፣ «ሰላጣው ለብሷታል» አልኳት እየሳቅኩ። አልጮኸችም። አላለቀሰችም። በርጩማው ላይ ቁጭ አለችና መሐረቡን አጣጠፈችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሮማን ክንዴን ይዛ ወደ ጓሮ አወጣችኝና ነገረችኝ። የጥምቀት ዕለት ገመቹ ለብርቱካን ሎሚ ወርውሮላታል። ወጣቶቹ እንደሚያደርጉት፤ እሱ ግን ጆሮ ግንዱ የሸበተ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ያውም ስቶ ጃንጥላዋን ነው የመታው። ብርቱካን ሎሚዋን ከመሬት አነሳች፤ ገልብጣ ገልብጣ አየቻት፤ እንከን አላገኘችባትም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። ከዚያ ቁጥሯን ከባልደረባዋ ተቀብሎ ደወለላት። እሁድ ፓፓያውን ለማየት እመጣለሁ፤ ሎሚዋን ካልጣልሻት ጠረጴዛ ላይ አድርጊያት፤ ከሌለች ግን ፓፓያውን አይቼ እሄዳለሁ፣ ሁለተኛም አላስቸግርሽም አላት። ለእኔ ለምን አልተነገረኝም አልኩ። ወሬ አታሳድርማ አለችኝ። ምን ልበል? ይኸው ለእናንተም እያወራሁ ነው።

ስንት ጥር ያለቀስኩበትን ነገር በራሴ እጅ ጨምቄ፣ ልጣጩን ፈቅፍቄ፣ በቅሪቱ ሳፋ አጥቤበታለሁ። በቃ ንገሪውና ይለቅ አልኳት ብርቱካንን። ምን ብዬ፣ አለችኝ፤ የወረወርክልኝን ሎሚ ወንድሜ ሳፋ አጠበበት ልበለው? ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ከጉሊት ሦስት ሎሚ ገዝቼ ተመለስኩና የተሻለችውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሎሚ ሎሚ ነው፤ ማን ይለያል? አልኩ። ሰውዬው ሥራው ሎሚ እንደሆነ ለጊዜው ረስቼዋለሁ።

ገመቹ መጣ። «አካም ጅርቱ» ብሎ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለን። ረጅም፣ ዓይነ አፋር፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። ክር አልወጣበትም፤ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ተቀመጠና ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ሎሚዋን አነሳት። አዟዟራት። አሸተታት። ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጣት። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁት። አምፖል ነጋዴ ነኝ፤ ሲጠፋ አውቃለሁ። «እንግዲህ ፓፓያውን ልየው» አለ።

ጓሮ ወጥቶ አበባውን አየ። ወንዴ ነው አለኝ፤ ፍሬ አይሰጥም። ልቁረጠው? ስለው መሬት መሬት እያየ፣ «አይቁረጡት፤ አጠገቡ ሴቴ ከተተከለች ለእሷ ያስፈልጋታል» አለ። እኔ ስለ ፓፓያ የሚያወራ መስሎኝ ስንት ሜትር ራቅ ተደርጋ ትተከል ብዬ ጠየቅኩት። እጁን ታጠበና የመልካሳ ታክሲ እንዳያመልጠኝ ልሂድ አለ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። የመልካሳ ታክሲ እስከ ማታ ይጮሃል። ክንዱን ያዝኩት። «ሳይቀምሱ ከቤቴ አይወጡም» አልኩና እየጎተትኩ አስቀመጥኩት። ሌላ ምንም መላ አልነበረኝም።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለይሉኝታ አንድ ማንኪያ ቀመሰ። ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። ሌላ ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ይህ ሎሚ ከየት ነው የመጣው አለ። ከጉሊት ልል አፌን ስከፍት ሮማን በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችው። ከጉሊት አይደለም አለ ገመቹ ራሱ። ይህ ሎሚ ከወጣበት ዛፍ ዘንድሮ የተለቀመው ሦስት ፍሬ ብቻ ነው፤ ዛፉን ያዳቀልኩት እኔ ነኝ፤ ሽታውን አላጣውም አለ። ያን ጊዜ ብርቱካን፣ ያቺ ስለ ልቧ ቃል የማይወጣት እህቴ፣ ቀና ብላ አየችው።

«ሎሚዋ ነበረች» አለችው። «ከጥምቀት ጀምሮ በመሐረብ ጠቅልዬ አስቀምጫት ነበር። ዛሬ ጠዋት ጋሼ ጨመቃት።»

ገመቹ «ገለቶማ» ብሎ አመሰገነና ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረገ። ትንሽ ጨምሪልኝ አላት። ጨመረችለት። ሮማን ሳቅ አፈናትና ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔ ሳልስቅ አለቀስኩ፤ ሎሚው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው ብያቸዋለሁ። ሳህኑ ጠብ ሳይል አለቀ። ስር የቀረውን አለባበስ ሁለቱ በየተራ በማንኪያ ሲጨልፉት በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ ልንገራችሁ፤ ገመቹ ሲጨልፍ ድምፅ ያሰማል። ብርቱካን አልሰማችም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ወጉን ታውቃላችሁ። የሴት ወገን ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ አስበንበት እንነግራችኋለን ይላል። እኔም ከጠዋት ጀምሮ መስታወት ፊት ስኮሳተር ነበር ያረፈድኩት። የገመቹ አባት አንዲት የሴቴ ፓፓያ ችግኝና አንድ ዘንቢል ሙሉ ሎሚ ፊቴ አኖሩ። ልጃችን ለእርስዎ የላከው ቃል አለ አሉኝ። «ሎሚው ለሰላጣዎ ይሁን፤ ብርቱካኗን ግን ለእኔ ይተዉልኝ» ብሏል አሉ። ኮስታራነቴ እዚያው ፈረሰ። አስበንበትም አላልኩ። ወስዳችኋታል አልኳቸው፤ ሮማን እስካሁን ትወቅሰኛለች።

ሲሄዱ ሎሚዎቹን ቆጠርኳቸው። ሃምሳ ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ነው ያደግነው አይደል? ዘንቢሉን ከበር እስከ ጓዳ ብቻዬን ተሸክሜ ገባሁ። ምንም አልከበደኝም። ያን ተረት ያወጣው ሰው እህት ያልዳረ መሆን አለበት።