ስለ ዘመናዊት ሴት የሠራነው የመጨረሻ ካሴት

ወንድ ልጅ ስለ ሴት መብት ሲናገር እንዴት እንደሚያምርበት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ድምፁ ይወፍራል፣ ግንባሩ ይቋጠራል፤ ብቻ ሚስቱ በዚያ ሰዓት ምን እየሠራች እንደሆነ አትጠይቁት። የሌላውን ልተወውና የራሴን ላውጋችሁ።

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ ጊታር የምናስጮህ አምስት ጎረምሶች ነበርን። ጎረምሳ ስላችሁ፣ ሦስታችን ባለትዳር ነን። ከመካከላችን ሁለቱ ለሥራ አዲስ አበባ ሊዛወሩ ስለሆነ፣ ባንዱ ሳይበተን አንድ የሮክ ካሴት እንተው ተባባልን። ርዕሱ «ዘመናዊት»። መጋላ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየን፤ የምንቀዳውም ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ ከተማውን ሁሉ በሚያስተኛበት ሰዓት ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን ከየቤታችን ባመጣነው ፍራሽ ሸፈንነው። እኛ ስለ ሴት ነፃነት ስንጮህ ሚስቶቻችን ሰሌን ላይ ይተኙ ነበር።

ዘፈን ተቀባያችን ፈቲያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ስምንቱን ግጥሞቻችንን አንብባ ሳቀች።

«አቦ፣ ይህቺን ሴት ደግሞ የት አገኛችኋት? አይደክማት፣ አይርባት፣ ባንዲራ ይዛ መሳቅ ብቻ!»

ከዚያ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከፋብሪካ ወጥታ ጫማዋን በእጇ ይዛ የደቻቱን ወንዝ ስለምታቋርጥ ሴት የጻፈችው ነው፤ ዜማም አውጥታለታለች።

«ከዚህ ወዲያ ባንድ የለም። አሁን ካልተቀዳ ከእኔው ጋር ይቀራል» አለች።

የባንዱ መሪ ግርማ ጫቱን ወደ ጉንጩ ሰብስቦ፣ «ካሴቱ እኮ ስለ ሴት ነው እንጂ የሴት አይደለም» አላት።

አንጀቴን በላችኝ። እንደ ጠበቃ ቆሜ ተሟገትኩላት። ደግነቱ ምርቃና መጣና ግርማን ለጋስ አደረገው፤ እኛም ሐሳቡን ሳይለውጥ ቶሎ ቀዳነው። አንድ ጊዜ ብቻ ዘፈነችው። ስትጨርስ ግርማ ዓይኑን ጠረገ።

የካሴቱን ሽፋን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በየዘፈኑ ሥር የደራሲውን ስም አሰፈርኩ፤ የእኔ ስም ሦስት ቦታ አለ። የእሷ ላይ ስደርስ ግርማ «ያው ሁላችንም ረድተናታል» አለኝ። ጊዜው የጋራ ነገር የሚወደስበት ነበርና «ግጥምና ዜማ፦ በጋራ» ብዬ ጻፍኩ። ምንም አልመሰለኝም።

ፈቲያ ካሴቱን ተቀብላ ሽፋኑን ረጅም ጊዜ አየችው። ያኔ ገባኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ወላሂ፣ ጽሕፈትህ ግን ያምራል» አለችኝ።